አያቴ በእግሩ የተደራደረበት ቀን

አያቴ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን አያይም፤ ከንፈሩን ነው የሚያየው። ግራ ጆሮው መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ቀኙም ቢሆን ተጠግተው ካልጮኹበት አይሰማም። እናቴ ግን አታምነውም። «በግ ሲባል እኮ ይሰማል» ትላለች።

እውነቷን ነው። አያቴ፣ እኔ አባባ የምለው፣ ዕድሜውን በሙሉ የጅጅጋ ከብት ተራ ደላላ ነበር። አባቱ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ አባባ ደግሞ እዚሁ ተወልዶ፣ በአማርኛ እየጸለየ፣ በሶማሊኛ እየተከራከረ አረጀ። ሥራውን ካቆመ በኋላ እንኳ በመንገድ የሚያልፍ በግ ካየ እጁ አያርፍም። በግ በዓይን አይገመትም፤ በእጅ ነው። ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ላይ፣ አከርካሪውን በጣት ጫን ጫን ማድረግ ነው። አጥንቱ ከቆረቆረህ ከሲታ ነው፤ ጣትህ ሰመጥ ካለ ሰብቷል።

ባለፈው ዓመት ዳሌውን ያሰበረውም ይሄው እጁ ነው። ከእናቴ ጋር በባጃጅ ሲሄዱ አንድ ሰው ሙክት እየጎተተ በጎን አለፈ። ባጃጁ ሕዝብ በዝቶበት ቀስ እያለ ነበር። አባባ እጁን ሰደደ፤ ወገቡን ነካው፤ ሊጫነው ሲል ሙክቱ ራቅ አለ፤ አባባ ተከተለው፤ ወደቀ። እናቴ ጮኸች፣ ባለሙክቱም ጮኸ። አስፋልቱ ላይ ተዘርሮ መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ?

«ከሲታ ነው፣ እንዳትገዙት!»

ሳቃችን ግን ሆስፒታል በር ላይ ቀረ። የጭኑ አጥንት ዳሌው ጋ ተሰብሯል፣ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ከአልጋ አይነሳም ተባለ። አልጋ ላይ የቀረ ሽማግሌ ምን እንደሚሆን ሰፈራችን ውስጥ አይተናል፤ መጀመሪያ እግሩ ይቀራል፣ ከዚያ ወሬው፣ ከዚያ እሱ። ሌላ ችግር ደግሞ ነበረ። ከብት ተራ አቧራ ነው፣ አባባም ሲጋራ ያቆመው ዘግይቶ ነው፤ ሳንባው ደክሟል። ሙሉ ለሙሉ አስተኝተው ቢሠሩት ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ ወገቡ ላይ መርፌ ተወግቶ፣ ከወገቡ በታች ብቻ ደንዝዞ፣ እሱ ነቅቶ ይሠራል።

ይሄንን ያስረዳችን የማደንዘዣ ባለሙያዋ ናት። አጭር፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇም አብሮ የሚናገር ሴትዮ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ለኦፕራሲዮኑ ዋዜማ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና፣ ከንፈሯን እንዲያይ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች።

«አባባ፣ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ቢለካ ስንት ይሆናል?»

አባባ ከንፈሯን አየ፣ አሰበ። «ሌሎቹ ስንት አሉ?»

«የሌሎቹን ይተዉት። የእርስዎን።»

«አንቺ ቀድመሽ በይ።»

«እኔ አላመመኝም እኮ!»

«ታዲያ ምን ቸኮልሽ?» አለና ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «መጀመሪያ ቁጥር የጠራ ከስሯል።»

እናቴ በኀፍረት ሞተች። እኔ ግን አወቅሁት፤ አባባ ሲፈራ ይደራደራል።

ፍርሃቱን ያመጣው ጓደኛው ነው። ጓደኛው የሀርሺን ሶማሌ ነው፣ እሱም ደላላ፤ ሁለቱ ተከራክረው እንጂ ተስማምተው አያውቁም፣ ሳይገናኙም አይውሉም። የዚያን ቀን ጠዋት በፔርሙስ የግመል ወተት ሻሂ ይዞ መጥቶ፣ ገና ሳይቀመጥ «ጀርባህን ሊወጉህ ነው አሉ?» አለ።

«ነው አሉ።»

«ወላል፣ ወንድሜ፣ እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ። ጀርባውን ወጉት፣ እግሩ ሄደ። ዋላሂ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።»

«የት ነው ያለው?»

«ሞቷል።»

«ታዲያ እግሩ እንዴት ይመለስ!» አለች እናቴ ተናዳ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። ጓደኛውም ነገሩን ጀምሮ ማቆም አቃተው፤ «ፍየል እንኳ ጀርባዋ ከተመታ...» አለና የአባባን ፊት ሲያይ ሻሂውን መቅዳት ያዘ።

ስለዚህ ሲስተር የመርፌውን ነገር ስታነሳ አባባ እጁን አወዛወዘ፤ አልፈልግም፣ ወይ አስተኙኝ፣ ወይ ተዉኝ። እናቴ ልትለምነው ስትነሳ ሲስተር በዓይኗ አስቀመጠቻት። ከዚያ ያለችው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

«አባባ፣ ምንም ጣጣ የለውም አልልዎትም። ግፊትዎ ሊወርድ ይችላል፣ ለዚያ መድኃኒት ይዤ አጠገብዎ እቆማለሁ። ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። እርስዎ የፈሩት ነገርም፣ በጣም በጣም አልፎ አልፎ፣ ያጋጠመው ሰው አለ። ግን ለእርስዎ ሳንባ ከማስተኛት ይሄ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እግርዎን አልወስድም፤ ለጥቂት ሰዓት እዋሰዋለሁ።»

አባባ ከንፈሯን ሲያይ ቆየ። «መያዣውስ?»

«መያዣ የለኝም። እግርዎ እስኪመለስ ግን ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

እሷ ከሄደች በኋላ አባባ ወደ እኔ ዞረ። «ሰምተሻል? የከብቱን ነውር ቀድማ ተናገረች። እንዲህ ያለ ሻጭ ከብት ተራ ውስጥ ካገኘሽ አትልቀቂው» አለኝ። እኔ ደግሞ የገረመኝ፣ ልቡን ያሳረፈው «አይዞህ» የሚለው ቃል ሳይሆን የአደጋው ዝርዝር መሆኑ ነው። እኛ ከገባን ጀምሮ «ምንም አትሆንም» ስንለው ነበር፤ ምንም እንደማያውቁ ሰዎች ነበር የሚያየን።

አሁን ስለ ፎጣው ልንገራችሁ፤ ያለሱ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

ከብት ተራ ውስጥ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ገዢና ሻጭ ይጨባበጣሉ፤ አንዱ የትከሻውን ፎጣ እጃቸው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ከዚያ የሚያወራው ጣት ነው። አንድ ጣት መያዝ አንድ ነው፣ ሁለት መያዝ ሁለት፣ መዳፉን በሙሉ ማቀፍ አምስት፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ጡጫ ከሆነ ምንም የለም ማለት ነው። አፋቸው በዚያን ጊዜ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። «ይቺ ፍየል ናት ጥንቸል?» ይላል አንዱ። «ዓይንህን ታጠብ!» ይላል ሌላው። ዙሪያውን የቆመ ሰው የሚሰማው ይሄን ነው። እውነቱ ግን ከፎጣው ስር ነው። ያልተስማማ እጁን ይነቅላል፤ የተስማማ ጥብቅ አድርጎ ይጨብጣል፣ አለቀ። ከፎጣ ስር የተባለውን ለሦስተኛ ሰው መናገር ደግሞ ነውር ነው።

አባባ ይሄን ቋንቋ አስተምሮኛል። ጆሮው ሲደክም ከመጮህ ይልቅ እጄን ከጋቢው ስር እሰዳለሁ፤ «ጉልበትህን ዛሬ ስንት አመመህ?» ማለቴ ነው። እናቴ ስትጠይቀው «ደህና ነኝ» ይላል። ለእኔ ጣት ይሰጠኛል። አንዳንድ ቀን መዳፌን በሙሉ አቅፎ፣ አፉ «ደህና ነኝ» ይላል። ለእናቴ ተናግሬበት አላውቅም፤ ሻሂ አፍልቼ ጉልበቱን በቅባት አሸዋለሁ እንጂ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን አባባን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘውት ገቡ፤ እኔና እናቴ ኮሪደር ላይ ቀረን። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ሲስተር ብቅ አለች።

«እስካሁን ደህና ነበሩ። ውስጥ ሲገቡ ግን ሁላችንም ማስክ አድርገናል፤ ከንፈር ጠፋባቸው። እዚያ ደግሞ ማውረድ አልችልም። ጆሯቸው ላይ ብጮህም እጄን እየገፉ ነው። የማን ድምፅ ይሰማሉ?»

እናቴ እኔን አየችኝ።

«ደም ማየት ትችያለሽ?» አለችኝ ሲስተር።

«አላውቅም።»

«ጥሩ መልስ ነው። ነይ። ራሳቸው ጋ ነው የምትቆሚው፣ ከመጋረጃው ወዲያ አታይም። ማዞር ከጀመረሽ መሬት ላይ ቁጭ በይ፤ ማንም አይስቅብሽም።»

አረንጓዴ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ማስክ አለበሱኝ። ልብሱ ሁለት እኔን ይይዛል። ስገባ አባባ በዙሪያው የቆሙትን ዓይኖች እያፈራረቀ ያያል፤ ዓይን ብቻ ያለው ሰው ለእሱ ባዳ ነው። ቀኝ ጆሮው ላይ አፌን ገጥሜ «አባባ፣ እኔ ነኝ!» አልኩ። ትከሻው ወረደ።

ለሕመሙ በደም ሥሩ መድኃኒት ሰጥተውት ነበር። ሁለት ነርሶች ደግፈው አስቀመጡት፤ አንደኛው ከፊቱ ቆሞ ትከሻውን ያዘ። ሲስተር ከኋላው ሆና «ጀርባቸውን እንደ ተቆጣች ድመት ያጉብጡ በያቸው» አለችኝ። ጮህኩለት። «ለማንም ጎንበስ ብዬ አላውቅም» አለ፤ ግን አጎነበሰ፣ ግንባሩን ነርሱ ትከሻ ላይ ጣለ። ያን ጀርባ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አከርካሪው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሲስተር በአውራ ጣቷ አጥንቶቹን መዳሰስ ጀመረች። ጫን፣ ለቀቅ፣ ወረድ፣ ጫን። አባባ አንገቱን እንደደፋ «ስንት አወጣሁ?» አለ።

ሲስተር አልገባትም፤ ነገርኳት። ማስኳ ሲነፋ አየሁ፤ እየሳቀች ነው። «ከሲታ ነዎት፣ ግን አጥንትዎ ጥሩ ነው በያቸው።»

«ከሲታ መሆኔን አውቃለሁ» አለ አባባ። «እጇ ግን እጅ ነው።»

ቀዝቃዛውን ፈሳሽ ሲቀቡት ዘለል አለ። መርፌው ሲገባ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ አስተኙት፤ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ጋረዱ፤ እጆቹን በሌላ ጨርቅ ሸፈኗቸው። «እግሬ ሞቀኝ» አለ። ቀጥሎ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተከለ።

ሲስተር በአልኮል የራሰ ጥጥ መጀመሪያ ትከሻው ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ አስነካች። «እኩል ይቀዘቅዛል ወይ በያቸው። የደነዘዘ ቦታ ቅዝቃዜ አይሰማውም።»

ጮህኩ። አባባ «ይቀዘቅዛል!» አለ።

ትንሽ ጠበቀች፣ ደገመች። «ይቀዘቅዛል! እንዲያውም ከትከሻዬ ይብሳል!»

ሲስተር ግንባሯን ቋጠረች። ሳትነግረው ደህናውን እግር በመቆንጠጫ ያዝ አደረገች፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። «እግርዎን ያንሱ» አስባለችኝ፤ እግሩ አልተነሳም። አባባ ግን «አንስቻለሁ እኮ፣ አታዩም?» አለ።

«ምልክቱ በሙሉ ማደንዘዣው ይዟል ይላል» አለች ሲስተር ለቀዶ ሐኪሙ። «እሳቸው ግን ይሰማኛል እያሉ ነው።»

«ይሰማኛል የሚል ሰው ላይ ቢላ አላሳርፍም» አለ ሐኪሙ። ቁጣ አልነበረውም። «ካልያዘ ወይ እናስተኛቸዋለን፣ ወይ ዛሬ እንተወዋለን።»

ማስተኛት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። መተውም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አባባን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ «ይቺ ፍየል ናት ጥንቸል?» የሚለው ፊት ነው። ብዙ ሰው ከብቦታል፣ ሁሉም አንድ ነገር ከእሱ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ መጀመሪያ ቁጥር አይጠራም።

«ሲስተር፣ እጁን ልያዘው?»

«ግሉኮስ የሌለበትን ያዥ።»

እጄን ከአረንጓዴው ጨርቅ ስር ሰደድኩ። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። እንደ ለመድነው በአውራ ጣቴ መዳፉን ጫር አደረግሁ፦ ስንት?

አፉ ለክፍሉ በሙሉ «ይቀዘቅዛል አልኳችሁ!» እያለ፣ እጁ ቀስ ብሎ ተጠቀለለ። ጡጫ። ምንም የለም።

ሲስተርን ጥጡን እንደገና እንድታስነካ ለመንኳት። ትከሻው ላይ ስታደርግ መዳፌን በሙሉ አቀፈኝ። የደረቱ ታች ላይ ሁለት ጣት ያዘ። ሆዱ ላይ ጡጫ። ጭኑ ላይ ጡጫ። አባባ አልተሳሳተም፣ ግራም አልገባውም። እግሩ እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል፤ ያንን በአፉ ማለት አልቻለም እንጂ።

ሁሉም እኔን ያያል። እኔ ደግሞ ከፎጣ ስር የተባለ ነገር ይዤ ቆሜያለሁ። ዝም ብል እውነቱ እጄ ውስጥ ይቀራል። ብናገር ደግሞ፣ ለእኔ ብቻ ያለውን ነገር በራሱ ገላ ላይ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ማንም እንዲህ ያለ ነገር ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። ጆሮው ላይ ተጠጋሁ፤ አፌን አጣብቄ፣ እሱ በሚሰማው ልክ ብቻ ጮህኩ። «አባባ፣ ልንገራቸው?»

ጣሪያውን ያያል። ከዚያ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ «ሄዷል እኮ» አለኝ። «ሄዷል ካልኩ፣ ሸጥኩት።»

«አልተሸጠም፤ ተዋሰችው። ነውሩን ቀድማ ነግራህ የለ?»

ሲስተር አላጣደፈችንም። ግፊቱን የሚያሳየውን ማሽን አየች፣ በግሉኮሱ በኩል የሆነ መድኃኒት ሰጠችው፣ ዝም ብላ ጠበቀች። ለዚያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ጡጫው ተፈታ። ጣቶቹ ጣቶቼን ፈልገው አገኙ፤ ከዚያ ጥብቅ አድርጎ ጨበጠኝ፣ ዋጋ ሲዘጋ እንደሚጨበጠው። ከዋዜማው ጀምሮ ወረቀት ላይ የእሱ ፊርማ ነበረ። እኔ ግን አባባ እሺ ያለው ያኔ ነው እላለሁ።

«አይሰማውም» አልኩ። «ከደረቱ በታች ምንም አይሰማውም። እንድነግራችሁ ፈቅዷል።»

ሲስተር ፊቱን እያየች መቆንጠጫውን አንድ ጊዜ ደገመች፤ ራሷንም ነቀነቀች። ሥራው ተጀመረ። ከመጋረጃው ወዲያ የመሰርሰሪያ ድምፅ፣ የመዶሻ ድምፅ መጣ፤ የእኛ ሰፈር አናጢ ቤት መሰለኝ። አባባ ከዚያ ሁሉ ምንም አልሰማም። መደንቆር እንዲህ የሚጠቅምበት ቦታ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እጄን ግን አለቀቀም፤ እኔም አላዞረኝም፣ ወይም ማዞሩን ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ዋርድ ውስጥ ተኛ። ከባዱ ሰዓት ያ ነበር። እናቴ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ አባባ ግን ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጉትን ሁለት እግሮች እንደ ሰው ዕቃ ያያቸዋል። ጓደኛው መጣ፤ ዛሬ ሻሂ እንኳ አልያዘም። እግርጌ ቆሞ በፎጣው አፉን ሸፈነ። «ወላል፣ ያ የነገርኩህ ሰውዬ... ከግመል ላይ ነበር የወደቀው መሰለኝ» አለ። አባባ ከንፈሩ ስለተሸፈነ አላየውም። እኔ ሰምቻለሁ፤ መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ።

ደጋግሜ እጄን ከብርድ ልብሱ ስር ሰደድኩ። ጡጫ። እንደገና ጡጫ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሲስተር እየመጣች ታያለች፣ ትሄዳለች፤ ጓደኞቿ በሰርቪስ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው፣ እሷ ግን ግቢው ውስጥ ነበረች።

በመጨረሻ ልብሷን ቀይራ መጣች። ማስክ የላትም። «አባባ፣ እግርዎስ?»

አባባ ፊቱን አኮሳተረ። «የለም። ወስደሻል። ሽማግሌ አታለሽ በላሽ።»

እናቴ «አባዬ!» ብላ ደነገጠች። ሲስተር ግን አልደነገጠችም። ወደ ጓደኛው ዞራ እጇን ዘረጋች፣ ፎጣውን ለመነችው። ሰውየው ግራ ገብቶት አውርዶ ሰጣት። የአባባን እጅ ያዘች፣ ፎጣውን ከላይ ጣል አደረገች፣ ቀጥ ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

የአባባ አፍ «ኧረ ይቺ ሴትዮ ሌባ ናት፣ ፖሊስ ጥሩልኝ» ይላል። ከፎጣው ስር ያለውን ማንም አያይም። ሲስተር መጀመሪያ ቅንድቧን አነሳች፤ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት።

«ምን አለሽ?» አለች እናቴ። «ስንት አለሽ? ተመለሰለት?»

«ከፎጣ ስር የተባለ አይነገርም» አለች ሲስተር። ይሄን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ስታየው።

ጓደኛው ግን ፎጣውን አያይም ነበር። እግርጌ እንደቆመ ብርድ ልብሱን አፍጥጦ ያያል። «ማሻአላህ» አለ በቀስታ።

የብርድ ልብሱ ጫፍ፣ የግራ እግሩ አውራ ጣት ጋ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ወረደ። አባባ ግን አሁንም ፖሊስ እየጠራ ነበር።